አባቴ አሸዋ ያለበሰው መንገድ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ጫማችሁን ማራገፉ ይቆይ፤ አቧራ የትም አይሄድም። ብስክሌቶቻችሁን ግድግዳው ላይ አስደግፏቸው፣ የሚነካባችሁ የለም። ውኃ ጠጡ። ትንፋሻችሁ እስኪመለስ አንድ ነገር ላውራችሁ፤ ዛሬ ስትነዱበት ስለዋላችሁት መንገድ ነው።

ከበር ስትገቡ ሰምቻችኋለሁ። መኪና የለበትም፣ ጸጥታው ልዩ ነው፣ ኮረብታውን ጨርሶ ወንዙን ይዞ ሲወርድ እንደ ሕልም ነው ስትባባሉ ነበር። እውነታችሁን ነው። አሁንማ ከሩቅ ብስክሌታቸውን ጭነው የሚመጡ አሉ። በየመታጠፊያው ቀስት ተስሎላቸዋል። ገላቸው ላይ የተሰፋ የሚመስል ልብስ ለብሰው፣ "እንደምን ዋሉ እማማ" ብለውኝ ሽው ይላሉ። እኔ ግን መንገዱን የማውቀው ሰው ለደስታው ሳይመጣበት በፊት ነው። አባቴ ጠባቂው ነበር። ቤታችንም እታች፣ ድልድዩ አጠገብ ነበር።

መኪና እንዳይገባ የተከለከለው ለሰው ጸጥታ ታስቦ አልነበረም። ድልድዩ አርጅቶ ክብደት ስለማይችል ነው። በሁለቱም ጫፍ ግንድ አጋደሙበትና ለእግረኛና ለብስክሌት ተተወ። ማዶ ከተማ የሚሠራ ሰው ጠዋት በእሱ ይሄዳል፣ ሲመሽ በእሱ ይመለሳል። አስፋልቱ በወዲያ በኩል ኮረብቶቹን ዞሮ የሚሄድ፣ የጭነት መኪና የበዛበት ነበር።

የአባቴ ሥራ ጠጠሩን ማስተኛት ነው። ዝናብ ቦይ ይቀድበታል፣ ጎማ ጉድጓድ ያወጣበታል፤ እሱ ይደፍናል፣ ያስተካክላል። ለዚህ የሚጠቀምበትን እኛ ቤት መጎተቻ እንለው ነበር። ወፍራም ሳንቃ ነው፤ ከሥሩ እንደ ማበጠሪያ ብረት ተሰክቶበታል፣ ከፊቱ ገመድ አለው። አባቴ ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ይጎትታል። ሳንቃው ካልከበደ ግን ብረቱ ጠጠሩን አይነክስም፤ ስለዚህ ክብደቱ እኔ ነበርኩ። ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ እቀመጥበታለሁ። መንገዱ ከእግሬ ሥር እንደ ተበጠረ ፀጉር መስመር መስመር እየሠራ ይወጣል።

"ዛሬ ምን በልተሽ ነው? ቀለልሽብኝ" ይለኛል።

"ድንጋይ።"

"ጎሽ። ነገም እሱኑ ድገሚ።"

እናቴ ማዶ ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራ ነበር። አንሶላ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። ስትመለስ ልብሷ ሳሙናና የጋለ ብረት ይሸታል፤ የጣቶቿ ጫፍ ተጨማዶ ይነጣል። አንድ ቀን ራት ላይ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ አባቴን፣ "አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ኮረኮንችህ አጥንቴን አንድ በአንድ ነቀለው" አለችው።

"ዘይት ልቀባልሽ?"

"ቀልዴን አይደለም። ካላስተካከልከው ጥዬህ ነው የምሄደው።"

"ወዴት ነው ደግሞ?"

"አስፋልት ያለው ባል ጋ።"

አባቴ ሲስቅ የጎረሰው ትን አለው። እሷም ጀርባውን እየመታች ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ልጅ ግን እየሳቀም ቢሆን የሰማውን ያስቀምጣል።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ከወትሮው ቀድማ መጣች። እኔ ግንዱ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከሩቅ አየኋት። በጣም ቀስ ብላ ነው የምትነዳው፤ ብስክሌቱ ሊወድቅ ይደርሳል፣ መሪውን ወዲያና ወዲህ ታደርገዋለች፣ እንደገና ይቀጥላል። አጠገቤ ስትደርስ አልወረደችም፣ አላየችኝምም። አልፋኝ ሄደች። ተከትያት ስገባ አልጋው ላይ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። ጫማዋን አላወለቀችም።

"እማዬ" አልኳት።

"እ" አለች።

ወደ ግንዴ ተመለስኩ።

በማግስቱ አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ በኪራይ መኪና ግንዱ ድረስ መጥታ ወሰደቻት። አባቴ ሻንጣውን ተሸክሞ ከኋላ ተከተለ። የጮኸ የለም፣ ያለቀሰም የለም። መኪናው በአስፋልቱ በኩል ዞሮ ሄደ። አባቴ እጁን ኪሱ ከትቶ ጥቂት ቆመና፣ "ነይ፣ ምሳ እንብላ" አለኝ።

ከሻንጣው በቀር ቤት ውስጥ የጎደለ ዕቃ አልነበረም። ኩባያዋ መደርደሪያው ላይ ተደፍቷል። ማበጠሪያዋ ላይ ፀጉሯ አለ። ብስክሌቷ ደጅ ቆሟል። እሷ ብቻ የለችም። አላለቀስኩም። ለምን እንዳላለቀስኩ ዛሬም አላውቅ። ጆሮዬ ውኃ የገባበት ይመስል፣ ሁሉም ነገር ከሩቅ ነበር የሚሰማኝ።

አያቴ የእናቴን የቤት ልብስ ልትወስድ ተመልሳ መጣች። እኔ ጥግ ላይ ባቄላ እፈለፍላለሁ። አባቴ ቆሟል። እንድትቀመጥ ወንበር ሰጣት፤ አልተቀመጠችም።

"እኔ ልጄን እንደ እንቁላል ይዤ ነው ያሳደግኳት" አለችው። "በዚያ ኮረኮንች ላይ ጠዋት ማታ ስትናጥ፣ የቱ ሆድ ነው ይሄን የሚችለው?"

"ሐኪሙ ምን አለ፣ እማማ?"

"ሐኪም ምን ያውቃል? እኔ ወልጄ አውቃለሁ፤ እሱ ወልዷል? መንገዱ ነው እልሃለሁ፣ መንገዱ ነው።"

"እሷስ ምን አለች?"

"እሷ አትናገርም። ግድግዳ ስታይ ትውላለች።" አያቴ ልብሱን አጣጥፋ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ለጊዜው አትምጣ፣ ልጄ። አንተን ስታይ ይብስባታል።"

"እሺ" አለ አባቴ።

"ክፉ ሆኜ አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

ስትወጣ ጎንበስ ብላ ሳመችኝ። ጉንጯ እርጥብ ነበር። ላብ መሰለኝ፤ ቀኑም ሞቃት ነበር።

እኔ እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። እናቴ ሆዷን ያመማት ከመንገዱ መነቅነቅ ነው። መንገዱ ስላልተስተካከለ፣ እንዳለችው፣ ጥላን ሄደች። ቃሏን አክባሪ ናት። አያቴ ያለችበት ማዶ ከተማ ደግሞ ሁሉም አስፋልት ነው። በልጅ ሐሳቤ እያንዳንዱ ነገር በቦታው ገጠመ። የቀረው መንገዱን አስተካክሎ እሷን ማምጣት ብቻ ነው።

"አባዬ፣ መንገዱን እናስተካክለው" አልኩት።

አየኝ። ብዙ አየኝ።

"እናስተካክለው" አለ።

ሐሳቡን የሰጠሁት እኔ መስሎኝ ምን ያህል ኮራሁ። አሁን ሳስበው ቃሌን የሰማም አይመስለኝም። ሰውዬው የሰማው "መንገዱ ነው" የሚለውን ብቻ ነበር። መንገዱ ደግሞ የእሱ ነው። ጠጠሩን ያነጠፈው በገዛ እጁ ነው። እኔ እናቴን ላመጣ ስጎተት፣ እሱ ምን እየጎተተ እንደነበር ማን ነግሮኝ?

መጀመሪያ ትልልቁን ድንጋይ ለቀምን። ከዚያ መካከለኛውን። ከዚያ አባቴ የእጅ ጋሪውን ወደ ወንዙ ዳር አወረደና አሸዋ ይጭን ጀመር። ጋሪ ሙሉ ይገፋል፣ ይደፋል፣ ይመለሳል። እኔ መጎተቻው ላይ ተቀምጬ አሸዋውን እናስተኛለን። ከድልድዩ ጀምረን ወንዙ ወደሚታጠፍበት ሄድን፣ ከዚያ አለፍን። ከኋላዬ የሚወጣው መንገድ ቢጫና ልስልስ ነበር፤ እንደ አዲስ ብርድ ልብስ። በጣም ያምር ነበር። አባቴ ምን እንደበላሁ መጠየቅ አቁሟል። ገመዱ ሸሚዙን ትከሻው ላይ በልቶት ቆዳው ይታያል።

አሸዋ ለብስክሌት መርዝ መሆኑን እናንተ ታውቃላችሁ። ጎማ ይሰምጥበታል፣ መሪ ይጠመዘዝበታል። ትንሽ ጠጠር ነው ጎማን የሚሸከመው፤ አሸዋ ይውጠዋል። ይህን ከአባቴ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዕድሜ ልኩን ጎርፍ ያመጣውን አሸዋ ከመንገዱ ሲጠርግ የኖረ ሰው ነው። ግን የማይነቀንቅ ነገር ፈለገ። የማይነቀንቅ ደግሞ አሸዋ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ያነሳው ወተት አመላላሹ ነው። ቃጭል እንለው ነበር፤ ጣሳዎቹ ብስክሌቱ ላይ እየተንኳኩ ሳይታይ ስለሚሰማ። ያን ዕለት እየገፋ መጣ።

"አለቃ" አለ፣ "አልጋ ነው ያነጠፍከው? ጎማዬ እኮ ተኛበት።"

አባቴ አካፋውን አላቆመም።

"ትራስ ቢጨመርበት እኔም እተኛበታለሁ። ወተቱ ግን ይጎመዝዛል።" ወደ እኔ ዞረ። "ምን ነክቶታል ሰውዬሽን?"

"እማዬ እንድትመጣ ነው" አልኩት።

 ቃጭል ጣሳዎቹን አጠባብቆ አሰረና ዝም ብሎ እየገፋ ሄደ።

ሌሎቹ እንደ እሱ ዝም አላሉም። ለማጠቢያ ክፍሉ ሴቶች ማልደው መነሳት ግድ ሆነባቸው። ተማሪዎች ወደቁ። ተቆጣጣሪው ሰማና መጣ፤ ሞተሩን ግንዱ ጋ አቁሞ፣ ጫማው አሸዋ እየሞላ፣ በእግሩ ወደ እኛ ደረሰ። ቀጭን፣ ጨዋ ሰው ነው።

"ይሄን ማን አዘዘህ?"

"ማንም።"

"ክረምት ሲገባ ወንዙ መልሶ ይወስደዋል። እስከዚያ ደግሞ ሰው አንገቱ ይሰበራል።"

"እሺ።"

"እሺ ምን? በሚቀጥለው ሰኞ እመጣለሁ። ካልተነሳ ሌላ ሰው ነው የማመጣው። ቤቱም የመንገዱ ጠባቂ ቤት ነው፤ ታውቃለህ።" ከዚያ እኔን አየና ጉሮሮውን ጠረገ። "ልጅ አለችህ፣ ወንድሜ። አስብ እንጂ።"

"እሺ" አለ አባቴ።

ተቆጣጣሪው ገና ሞተሩን ሳያስነሳ፣ አባቴ ጋሪውን ወደ ወንዙ አዞረ። አንድ ጋሪ ሙሉ አምጥቶ ደፋ። እኔ ተቆጣጣሪውን ክፉ ሰው አድርጌ ያዝኩት። እናቴ እንዳትመጣ የሚፈልግ ሰው። ለዓመታት ሞተር ስሰማ እደበቅ ነበር። ምስኪን፣ ማስጠንቀቁ ምን ክፋት አለው?

በማግስቱ ጠዋት ቃጭል ወደቀ። ቁልቁለቱን በፍጥነት መጥቶ አሸዋው ውስጥ ሲገባ የፊት ጎማው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እሱ በመሪው ላይ አለፈ። ጣሳዎቹ ተከፈቱ። ወተቱ አሸዋው ላይ ነጭ ሆኖ ተዘረጋ፣ ከዚያ እየጠበበ እየጠበበ ገባ። እርጥብ ቦታ ብቻ ቀረ። ሦስታችንም እሱን እያየን ቆምን።

አባቴ የቃጭልን ክንድ በውኃ አጠበለት። ቃጭል ቆዳው ተገፎ ደሙ ይወርዳል። አባቴ ሲጨርስ ቃጭል ራሱን ነቅንቆ፣ "አለቃ፣ እኔስ ወደቅኩ ተነሳሁ። አንተ ግን ወድቀህ አልተነሳህም" አለው። ባዶ ጣሳዎቹን ይዞ ወደ ከተማ ሄደ።

ቃጭል ወተት ከሚያደርስባቸው ቤቶች አንዱ የአያቴ ቤት ነበር። ይህን እኔ ያኔ ከምን ጋር አያይዤው?

እናቴ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። እሑድ ቀን ነበር፣ ሰው የለም። እኛ ወንዙ የሚታጠፍበት ጋ እየሠራን ነው። እኔ ሳንቃው ላይ ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ ስለነበር ቀድሜ ያየኋት እኔ ነኝ። ኮረብታው ላይ ብቅ አለች። የአጎቴን ብስክሌት ነው የያዘችው፤ ለቁመቷ ረጅም ስለሆነ በእግር ጣቷ ጫፍ ነው ፔዳሉን የምትደርስበት። ጠጠሩ ላይ ደህና መጣች። አሸዋው ሲጀምር ጎማው ሰመጠ። ወረደች። መግፋት ጀመረች። ጎንበስ ብላ፣ ጫማዋ እየተቀበረ፣ በላብ ርሳ ትገፋለች።

"አባዬ" አልኩ፣ "ሠርቷል። መጣች።"

አባቴ ገመዱን ከትከሻው አላወረደም። እንደታጠቀ ቆሞ ጠበቃት።

እናቴ ደረሰች። ከስታለች። ብስክሌቱን ልታስደግፍ ፈልጋ የሚያስደግፍ ነገር ስታጣ አስተኛችው። መንገዱን ወደ ኋላ አየች፣ ወደ ፊት አየች። ከዚያ ትከሻውን አየች።

"ምን ሆነህ ነው?" አለችው።

"እንዳይነቀንቅሽ ብዬ።"

እናቴ ጎንበስ ብላ አሸዋውን በእጇ ዘገነች። 

"እማማ ናት ያለችህ?"

"አዎ።"

"እማማ እዚያ ነበረች?" እናቴ ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። አንሶላ ስታጥፍ እንደምታወራው ነው የምታወራው። "ያን ዕለት አዋላጇ በምሳ ሰዓት አስተኝታ አየችኝ። ብዙ አዳመጠች። የልብ ምት የለም አለችኝ። ከቆመ ቆይቷል አለችኝ። ገና ብስክሌት ላይ ሳልወጣ። መንገድህ ምንም አላደረገም።"

 "ታዲያ ለምን በብስክሌት መጣሽ?" አላት አባቴ።

"በምን ልምጣ? መኪና ውስጥ ከሰው ጋር ተጋፍቼ ልቀመጥ? የሚያናግረኝ ሰው የሌለበት መንገድ ይሄ ብቻ ነው።" አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ቀስ ብዬ ነዳሁ። እንዳይነቃብኝ የፈራሁ ይመስል፣ ቀስ ብዬ።"

እኔ ሁሉንም ሰማሁ። ሳንቃው ላይ ነበርኩ፣ በመካከላቸው። የእናቴ ሥራ ሆስፒታል ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ሰው ይሞታል፣ ልብ ይቆማል። ስለ አንድ የማላውቀው በሽተኛ የምታወራ መሰለኝ። አዘንኩለትም። የእኔ ጉዳይ ግን ሌላ ነበር።

"እማዬ" አልኳት፣ "አሁን ይመቻል?"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አሸዋ ውስጥ ነው። መዳፏ ብስክሌቱን ስትገፋ ቀልቷል።

"በጣም ይመቻል፣ የኔ ልጅ" አለችኝ። "እንዲህ የሚመች መንገድ አይቼም አላውቅ።"

ከዚያ አካፋውን አነሳችና አሸዋውን እየዛቀች ወደ ወንዙ ዳር መበተን ጀመረች። አባቴ ገመዱን አወረደ። ጋሪውን አመጣላት።  እኔ ግራ ገባኝ። ይመቻል ብላ ለምን ታፈርሰዋለች? ሳንቃው ላይ ሙጭጭ ብዬ ያዝኩ።

"ተነሺ፣ እናት ዓለም" አለኝ አባቴ።

"አልነሳም። ተመልሳ ትሄዳለች።"

 እናቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እንደ እኔ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ። የሳሙና ሽታዋ ጠፍቷል፤ የሰው ቤት ሽታ ነው የምትሸተው። "ጎትት" አለችው። ሁለታችንንም ጎተተን። ክብደታችን ብረቱን አሸዋው ውስጥ ቀበረው፣ ከሥር የነበረው ጠጠር እየተገለበጠ መውጣት ጀመረ። የሳቀ የለም። እናቴ እጇን ጭኔ ላይ አድርጋ የሚወጣውን ጠጠር ታያለች።

ሰኞ ተቆጣጣሪው ሲመጣ ግማሹ እንኳ አልተነሳም ነበር። እናቴን አካፋ ይዛ አያት። ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ሰላም አላትና ተመልሶ ሄደ። አሸዋውን አንስተን የጨረስነው ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። እናቴ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጠዋት በጠጠሩ ትሄዳለች፣ ሲመሽ በጠጠሩ ትመጣለች። ራት ላይ ስለ መንገዱ ቀልዳ አታውቅም። አባቴም ስለዚያ ጊዜ እስኪሞት አላነሳም።

እናቴን ያመጣት አሸዋው እንደሆነ አምኜ ነው ያደግሁት። ትልቅ ሴት ሆኜ፣ እሷም አርጅታ እኔ ቤት ሳለች፣ አንሶላ አብረን እናጥፍ ነበር። እሷ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ። "ያኔ እኮ ሁለት ልትሆኑ ነበር" አለችኝ፣ ዓይኗ አንሶላው ላይ እንዳለ። ያኔ ነው ሁሉንም የነገረችኝ፤ ቃጭል ደጃቸው ቆሞ የደማ ክንዱን እያሳየ፣ "ባልሽ ራሱን እየቀበረ ነው" እንዳላት ሳይቀር።

"ወንድ ነበር ወይስ ሴት?" አልኳት።

"አልጠየቅኩም" አለችኝ። "ብጠይቅ ስም አወጣለት ነበር።" የአንሶላውን ጫፍ አቀበለችኝና ሌላ አነሳች።

ሰው ሁሉ ስለ እኔ ሲያወራ፣ ለእናት ለአባቷ አንድ ናት ይላል። እኔም እስከዚያ ቀን አዎ እል ነበር። ዕድሜዬ ሄዷል፣ ልጆቼ፤ ይህን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ የቀረ የለም። አንድ ቀን ስለ እኔ የሚጠይቃችሁ ቢመጣ፣ ብቸኛ ነበረች ወይ ቢላችሁ፣ አልነበረችም በሉልኝ። ታናሽ ነበራት በሉ። ስም የለውም፤ ስም ባይኖረውም አስታውሱልኝ።